አንድ ጨዋታ በሁለት ዋጋ

እህትማማቾቹ ጨዋታውን ሠርተው ለመጨረስ ሦስት ዓመት ፈጅቶባቸዋል። ሥዕሉን ታላቅየዋ ሣለች፤ ኮዱን ታናሽየዋ ጻፈች። ሁለት ሰው ተጋግዞ ተሳፋሪ የሚያሻግርበት የጀልባ ጨዋታ ነው። አንዱ መሪ ይይዛል፣ ሌላው ገመድ ይወረውራል፤ ካልተግባቡ ተሳፋሪው ሁሉ ውኃ ውስጥ ነው።

ለሽያጭ በቀረበበት ዕለት ጠዋት፣ ከጫማ ሰፊው ሱቅ በላይ ባለችው ክፍላቸው ሁለቱም መቀመጥ አቅቷቸዋል። አጎታቸው ብቻ ከመስኮቱ ሥር ወንበር ስበው ተረጋግተዋል። ሠላሳ ዓመት በታክስ ኦዲተርነት ሠርተው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ጨዋታ የሚባል ነገር በእጃቸው ነክተው አያውቁም፤ የመጡት ልጆቹ እንዲህ ባለ ቀን ብቻቸውን አይሁኑ ብለው ነው።

ጨዋታው የሚሸጠው በሁለት የኢንተርኔት ሱቆች ነው፤ በአንዱ ለኮምፒውተር፣ በሌላው ከቴሌቪዥን ጋር ለሚገጠም የጨዋታ ማሽን። ዋጋው ዐሥራ ሁለት ዶላር። በመጀመሪያው ሰዓት ሠላሳ ሰው ገዛ፤ በሁለተኛው ሁለት መቶ። ቁጥሩ ከፍ ባለ ቁጥር ታናሽየዋ ጠረጴዛውን ትደበድባለች፤ ከታች ጫማ ሰፊው በመዶሻው ይመልስላታል።

ረፋዱ ላይ በጨዋታው የሽያጭ ገጽ አንድ መልእክት ገባ።

«የአውቶቡስ ሹፌር ነኝ። እህቴ የምትኖረው ሌላ ከተማ ነው፤ ይህን ጨዋታ አብረን ልንጫወት ቋምጠን ነበር። እሷ ለኮምፒውተሯ የገዛችበት ዋጋ፣ እኔ ለማሽኔ ከተጠየቅሁት ግማሽ እንኳ አይሞላም። ጨዋታው አንድ፣ አገራችን አንድ። ልዩነቱ ከየት መጣ?»

ከሥሩ አርባ ያህል ሰዎች «እኔንም» ብለው ጽፈዋል። አንዱማ «ሌቦች» ብሎ ቁርጡን ነግሯቸዋል።

የታላቅየዋ ፊት ዐመድ መሰለ። «ሁለቱም ጋ ዐሥራ ሁለት ነው ያስገባነው። በገዛ እጄ ነው የሞላሁት።»

አጎትየው መነጽራቸውን አወጡ። «እስቲ የሁለቱን ሱቅ የዋጋ ሰንጠረዥ አሳዩኝ።»

ተራ በተራ ተመለከቱት፤ ከዚያ ወንበራቸውን ወደ ኮምፒውተሩ ጎተቱት። ዓይናቸው በርቷል።

«የኮምፒውተሩ ሱቅ በሹፌሩ አገር ገንዘብ ነው የሚሸጠው፣ ታክሱም ዋጋው ውስጥ አለ። ይህን ዋጋ መቼ ነው ያጸደቃችሁት?»

«ከሁለት ዓመት በፊት ስንመዘገብ» አለች ታናሽየዋ። «ሱቁ ራሱ አስልቶ አቀረበልን፤ እኛ እሺ አልን።»

«ከዚያ ወዲህ የዚያ አገር ገንዘብ በግማሽ ወርዷል። የያኔው ዐሥራ ሁለት ዛሬ ስድስት ዶላር ነው። የማሽኑ ሱቅ ደግሞ በዶላር ይሸጥና፣ ሲከፍሉ ሃያ በመቶ ታክስ ይጨምርበታል። ዐሥራ አራት ከአርባ ሳንቲም። ሰውየው አልተሳሳተም።»

«ታዲያ የኮምፒውተሩን ከፍ እናድርገው» አለች ታላቅየዋ።

«የማሽኑን ዝቅ እናድርገው እንጂ» አለች ታናሽየዋ።

«የቆጡን አወርድ ብለን የብብታችንን እንጣል? የሌላ አገር ሰው ሁሉ በዚያች አገር በኩል ገብቶ በርካሽ ይገዛል።»

«አይገባም። ሱቁ የሚያየው የክፍያ ካርዱ የየት አገር እንደሆነ ነው።»

ታላቅየዋ ዋጋ መቀነሱ አልተዋጠላትም። ለሹፌሩ ራሱ ጻፈችለት፤ ዐሥራ አራት ዶላር ለእርሱ ምን ያህል ነው? መልሱ ወዲያው መጣ። «የሁለት ቀን ደሞዜ።»

ታላቅየዋ የቁልፍ ሰሌዳውን ወደ ራሷ ሳበችና በማሽኑ ሱቅ ለዚያች አገር ስድስት ብላ ጻፈች።

«ቆይ ልጄ» አሉ አጎትየው። «ስድስት ካልሽ ታክሱ ሲጨመር ሰባት ከሃያ ይመጣል፤ ሰውየው ዳግመኛ ይታዘበናል። አምስት በይው። ሃያ በመቶው አንድ ዶላር ነው፤ ሲከፍል ልክ ስድስት።»

አምስት አለች።

አዲሱ ዋጋ እስኪታይ አንድ ሰዓት ይፈጃል። ታናሽየዋ ለሹፌሩና ለአርባዎቹ ስሕተቱ የእነርሱ እንደሆነ፣ ከምን እንደመጣና እንዴት እንዳስተካከሉት አንድም ሳትደብቅ ጻፈች። ሰዎቹ ጽሑፏን እየተቀባበሉ አዳረሱት። ሰዓቱ ሲሞላ ከዚያች አገር ስድሳ ሰው በአንዴ ገዛ። ከዚያ መቶ ዐሥር። ከዚያ ታናሽየዋ ቁጥር መጥራቱን ተወችው፤ ድምፅዋ ተዘግቶ ነበር። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከዚያች አገር ብቻ ሺህ ሦስት መቶ ሆነ፤ ሌላ የትም እንዲህ አልተሸጠላቸውም። የማሽኑ ሱቅም ጨዋታውን የፊት ገጹ ላይ አወጣው።

«ጋሼ፣ ይዩት፣ የእኔ ሥዕል» አለች ታላቅየዋ። ጀልባዋ በገጹ አናት ላይ ተንጣልላለች።

ሹፌሩ ከሥራ ሲወጣ እንደገና ጻፈ። «ገዛሁት። እህቴ ገመድ መወርወር አትችልም፤ ሦስት ጊዜ ሰጠምን። እሷ ግን የመሪው ጥፋት ነው ትላለች።»

እህትማማቾቹ ተቃቅፈው ሳቁ። አጎትየው ግን መልእክቱን ደግመው አነበቡት፤ መነጽራቸውን አስተካከሉና እጃቸውን ወደ ቁልፍ ሰሌዳው ዘረጉ።

«እስቲ ያን መሪ ወዲህ በሉት» አሉ። «ይህን ያህል የሚያጣላ ምን ቢሆን ነው?»