የወይዘሪት ምጥ

«በሩን ያዙልኝ» እያለ አንድ ግዙፍ ሰውዬ በብርድ ልብስ የተጠቀለለ ነገር ታቅፎ ሲገባ፣ የክሊኒኩ ሐኪም እናት የያዙትን ኮት ከራሳቸው በላይ ከፍ አድርገው ግድግዳው ላይ ተለጠፉ። ኮቱ አዲስ ነው፤ ጧት በገዛ እጃቸው ተኩሰው፣ በላስቲክ ሸፍነው፣ እንደ እንቁላል ተጠንቅቀው ነው ያመጡት። ልጃቸው ዛሬ ከሰዓት ለብሳው ትልቅ ሰው ፊት ትቀርባለች። በዚህ ፀጉርና የመድኃኒት ሽታ በሞላበት የእንስሳት ክሊኒክ ውስጥ አንዲት ብናኝ እንዳታርፍበት ሲጠብቁ ነው ያረፈዱት።

ከብርድ ልብሱ ውስጥ አንዲት ቡናማ ውሻ ራሷን ብቅ አደረገች። ሆዷ እንደ ከበሮ ተወጥሯል፤ ጎኗ ቶሎ ቶሎ ይነሳል ይወድቃል። ሰውየው የጭነት መኪና ሹፌር ነው። ከትናንት ማታ ጀምሮ ስታምጥ እንዳደረች፣ አንድም ቡችላ እንዳልወጣላት፣ ስሟም ወይዘሪት እንደሚባል ሳይተነፍስ ተናገረ።

«ወይዘሪት ሆና ነው እንዴ የምታምጠው?» አሉ እናትየው፤ ካፋቸው አምልጧቸው ነው።

የሳቀ የለም። ጭኗ ላይ ሽማግሌ ድመት አስተኝታ ተራ የምትጠብቀው ዘናጭ ሴትዮ እንኳ ገላመጠቻቸው። እናትየውም አፋቸውን በእጃቸው ያዙ።

እውነቱን ለመናገር እናትየው ከውሻ ጋር ጠብ የላቸውም። ጠባቸው ከሥራው ነው። ልጅቷን ብቻቸውን ነው ያሳደጓት፤ ሐኪም ሆና የተመረቀች ቀንም መሬት አልበቃቸው ብላ ነበር። የምን ሐኪም እንደሆነች ግን ለሰው ሲያወሩ ይዘሉታል። «ሐኪም ናት» ይላሉ፤ ሰሚው «የምን?» ከማለቱ በፊት ወሬውን ወደ ዝናብና ወደ ኑሮ ውድነት ይመልሱታል። በዚህ ጣጣ አንድ ጊዜ ጎረቤታቸው ሳል የጠናበትን ባሏን እየጎተተች ቤት ድረስ መጣችላቸው። ልጅቷ «እኔ የማክመው በአራት እግሩ የሚሄደውን ነው፤ ጋሼ ገና እዚያ አልደረሱም» ብላ ታማሚውን ሳይቀር አሳቀችው። እናትየው ግን ስንት ቀን ሙሉ አንገታቸውን ደፍተው ነው የወጡት የገቡት። ልጅቷ ማታ ማታ እጇ ተቧጭሮ፣ ልብሷ ፀጉር ለብሶ ስትገባ ባዩ ቁጥር አንጀታቸው ይቃጠላል። ለዚህ ነው እንዴ ያስተማርኳት ይላሉ።

ስለዚህም የአጎታቸውን ልጅ ደጅ ጠኑ። ሰውየው የአንድ ትልቅ መድኃኒት አስመጪ መሥሪያ ቤት ኃላፊ ነው፤ ዘመድ አዝማዱ ስሙን ትቶ «ዳይሬክተሩ» ነው የሚለው። ከስንት ልመና በኋላ ወንበር ተገኘ። ቢሮ፣ ጠረጴዛ፣ በሩ ላይ ስም፤ ውሻ የለ፣ ቁንጫ የለ። ዛሬ ከሰዓት ካልቀረበች ግን ለሌላ ሰው ይሰጣል፤ ዳይሬክተሩ ደግሞ አንዴ ከተቀየመ ቂሙን የሚያስረጀው ሰው ነው። ልጅቷ ሐሳቡን አልወደደችውም። እናቷ እንባ ቢጤ ሲያሳዩዋት ግን «እሺ፣ ላንቺ ስል እሄዳለሁ፤ ከተቀበሉኝም እገባለሁ» ብላ ቃሏን ሰጠች። እናትየው ሐሳቧን እንዳትቀይርባቸው ኮቱን አንጠልጥለው መጥተው ከጧት ጀምሮ ዘብ ቆመዋል።

ሐኪሟ ከውስጠኛው ክፍል ወጣች። ሹፌሩን ገና ምንም ሳትጠይቀው ወለሉ ላይ ተንበረከከችና የእጇን መዳፍ ለውሻዋ አስሸተተች። ወይዘሪት አፍንጫዋን አስጠግታ ስትጨርስ ነው ሆዷን የነካቻት። እናትየው ከላይ ሆነው አዩ። ይህች ልጅ ቤት ውስጥ ብርጭቆ ሳትሰብር ውላ አታውቅም፤ አሁን ግን እጇ እየዳሰሰ ሲሄድ ውሻዋ አንዴም አልተቆጣችም።

አንደኛው ቡችላ ተጋድሞ መውጫውን እንደዘጋው፣ በቀዶ ሕክምና ካልሆነ በሌላ መንገድ እንደማይወጣ ለሹፌሩ ነገረችው። ሹፌሩ ሁሉም ይተርፋሉ ወይ ብሎ ጠየቃት።

«እሷን አተርፋታለሁ ብዬ አስባለሁ» አለችው። «የቡችሎቹን ግን ቃል አልገባልዎትም። ብዙ ቆይተዋል።»

እናትየው በሆዳቸው፣ ምን አለ ለሰውየው ደህና ነገር ብትነግረው አሉ። ሹፌሩ ግን ራሱን ነቀነቀና እጅጌውን ይጠቀልል ጀመር።

ችግሩ እጅ ማነሱ ነበር። ክሊኒኩ ውስጥ ያለው አንድ ረዳት ብቻ ነው፤ እሱም ውሻዋ ማደንዘዣውን ወስዳ ስትተኛ ትንፋሿን ይጠብቃል። ሐኪሟ የመጠበቂያ ክፍሉን ዞር ብላ ቃኘችው። ሹፌሩ አለ፣ ባለድመቷ አለች፣ እናቷ አሉ።

«ሁላችሁም እጃችሁን ታጠቡ» አለች።

እናትየው እኔ ደሞ ምን ቤት ነኝ፣ ውሻ ምን አገባት ከእርሻ ብለው ገና ተረቱን ሳይጨርሱ ልጃቸው አቋረጠቻቸው። «እማዬ፣ ቀለበትሽን አውልቂ።»

አነጋገሯ የሚለመን ሰው አነጋገር አልነበረም። እናትየው ቀለበታቸውን አውልቀው ኪሳቸው ከተቱ፤ ኮቱን ወንበር ላይ በጥንቃቄ አጋደሙና እንደ ተማሪ ተሰልፈው እጃቸውን ታጠቡ። ባለድመቷም ሽማግሌውን ድመት ተቀምጣበት በነበረው ወንበር ላይ አስቀምጣ፣ የጣቶቿን ጌጥ እያወለቀች ተከተለቻቸው።

ክፍሉ ጠባብ ነው፤ መብራቱ ዓይን ይወጋል። ሐኪሟ ጓንቷን እያጠለቀች ሥራውን አስረዳች። ያወጣችውን ቡችላ አንድ በአንድ ትሰጣለች፤ እነሱ የለበሰውን ስስ ሽፋን ካፉና ካፍንጫው ላይ ይገፋሉ፤ ራሱን ዘቅዘቅ አድርገው ጀርባውን በፎጣ ያሻሉ።

«እኔ ዓይኔን ከእሷ ላይ ማንሳት አልችልም፤ ስለዚህ አትጥሩኝ» አለች። «እኔ በቃ እስክላችሁ እጃችሁ እንዳይቆም።»

ከዚያ በኋላ የሆነውን እናትየው ዘላለም አይረሱትም። ልጃቸው ቀና አላለችም። እጇ ሲሄድ አይቸኩል፣ አይዘገይ። ረዳቱን የምታናግረው በአንድ በአንድ ቃል ነው፤ እሱም በአንድ ቃል ይመልሳል። የመጀመሪያውን ቡችላ ሹፌሩ ተቀበለ፤ በዚያ መሪ በሚጨብጥ እጁ አሸው፣ አሸው፤ ቡችላውም እንደ በር ማጠፊያ ሲጥ አለ። ሁለተኛው ባለድመቷ እጅ ላይ አስነጠሰ። ሴትዮዋ ልብሷ ደም ነክቶት፣ ኩሏ ጉንጯ ላይ ወርዶ እንደ ልጅ ትስቃለች።

ሦስተኛው የእናትየው ዕጣ ሆነ። እርጥብ ነው፤ ከመዳፍ አይበልጥም፤ ዝልፍልፍ ብሏል። አሹት። ምንም የለም። አጠገባቸው ሌሎቹ ይጮኻሉ፤ ሹፌሩ አንዱን ሙቅ ሳጥን ውስጥ አስገብቶ ሌላ ይቀበላል። የእሳቸው ግን ዝም ነው።

«ጠንከር አድርጊው እማዬ፤ አይሰበርም» አለች ልጃቸው፣ ጀርባዋን እንደሰጠች። ሳታይ በጆሮዋ ብቻ እያንዳንዱን ትከታተላለች ማለት ነው።

እናትየው ጠንከር አደረጉ። ላባቸው ጠብ ጠብ አለ። ተነስ እንጂ የኔ ጌታ፣ ሰው እንዲህ ይለምንሃል፣ አንተ ትተኛለህ እያሉ በሹክሹክታ ይቆጡታል፣ ያባብሉታል። ባለድመቷ ላግዝዎት ብትላቸው በክርናቸው ገፋ አደረጓት። ሐኪሟ ማኅፀኑን ሰፍታ፣ ሆዱን ሰፍታ፣ የመጨረሻውን ክር ቆርጣ እስክትመጣ ድረስ እጃቸው አልቆመም።

የማዳመጫዋን ጫፍ ትንሿ ደረት ላይ አድርጋ ረጅም ጊዜ አዳመጠች።

«እማዬ፣ በቃ።»

«ገና ነው» አሉ እናትየው።

«ሞቷል፣ እማዬ። ያ የተጋደመው እሱ ነው። ሳወጣው ልቡ እጅግ ደክማ ነበር።»

«ታዲያ ለምን ለኔ ሰጠሽኝ? ለሚችል ሰው አትሰጪም ነበር?»

«ዕድል ልስጠው ብዬ ነው። ከዚህ ቤት ቶሎ ተስፋ የማትቆርጥ አንቺ ነሽ።»

ልጅቷ ቡችላውን ከእጃቸው በሁለት እጇ ተቀብላ ወደ ሹፌሩ ዞረች። ዙሪያ ጥምጥም አልሄደችም፤ አንዱ ሞቷል አለችው፤ እስኪያለቅስ ጠበቀችው፤ ከዚያ የቀሩት ደህና መሆናቸውን፣ ወይዘሪትም ደህና መሆኗን ነገረችው። እናትየው ያን ጊዜ ነው የገባቸው። ቅድም ደህና ነገር ብትነግረው ኖሮ፣ አሁን ደህና ናት ስትለው ሰውየው አያምናትም ነበር።

ወይዘሪት ነቃች። ሳጥኑን አቀረቡላትና ቡችሎቹ ጡቷ ላይ ተደረደሩ። ሐኪሟ ግን የሞተውንም አፀዳድታ፣ በንጹሕ ጨርቅ ላይ አድርጋ አፍንጫዋ ሥር አስቀመጠችላት።

«ምነው ልጄ» አሉ እናትየው፣ ድንግጥ ብለው። «ገና ከመንቃቷ ለምን ታሳያታለሽ? ውሰጂው፣ አትይ፣ ይቅርባት።»

«ካላየችው ስትፈልገው ነው የምትከርመው» አለች ልጅቷ። «ጥግ ጥጉን ስትቆፍር፣ የቀሩትን ማጥባት የምትተው አለች። አይታ፣ አሽትታ ስትጨርስ ራሷ ትተወዋለች።»

ወይዘሪት አሸተተችው። ራሱን ላሰችው፤ በአፍንጫዋ ገፋ አደረገችው፤ ጠበቀች። እንደገና ላሰችው። ከዚያ ፊቷን አዙራ የቀሩትን ትልስ ጀመር። ልጅቷ ይህን አይታ ነው ጨርቁን አጥፋ ያነሳችው።

እናትየው እዚያው በርጩማ ላይ ቁጭ አሉ። ስንት ዘመን ሆድ ይፍጀው ብለው የያዙትን ነገር ሊናገሩ ፈለጉ። ረዳቱ ሹፌሩንና ባለድመቷን ይዞ እስኪወጣ ጠበቁ።

«ካንቺ በፊት ወንድ ልጅ ነበረኝ» አሉ። «ሞቶ ተወለደ አሉኝ። እንዳትጎጂ ብለው ሸፍነው ወሰዱት፤ አላሳዩኝም።»

ልጅቷ የያዘችውን አስቀመጠች።

«መንገድ ላይ በሱ ዕድሜ የሚሆን ሰው ሳይ እስከዛሬ ፊቱን አያለሁ» አሉ እናትየው። «ሞኝነት እንደሆነ አውቃለሁ። ግን አያለሁ።»

ልጅቷ ወለሉ ላይ ተንበረከከች፤ ቅድም ለወይዘሪት እንዳደረገችው እጇን ዘረጋችላቸው። እናትየው ያንን የተቧጨረ እጅ ይዘው እስኪወጣላቸው አለቀሱ። ይህች ልጅ ሥራ ብላ የያዘችው ምን እንደሆነ ስንት ዓመት ሙሉ አላዩም ነበር፤ አሁን ባዩት ጊዜ ኩራትና ጸጸት አንድ ላይ ነው የያዛቸው።

በመጨረሻ ልጅቷ ተነስታ የግድግዳውን ሰዓት አየች። እጇን ታጠበች፤ ፀጉሯን በጣቶቿ አስተካከለች።

«በይ ኮቱን ስጪኝ፤ ይረፍድብናል» አለች።

«እንዲህ ደክሞሽ?»

«ቃል የእምነት ዕዳ ነው ብለሽ ያሳደግሽኝ አንቺ ነሽ።» ፈገግ ለማለት ሞከረች፤ ፊቷ ግን የታዘዘውን አላደረገም።

እናትየው ኮቱን ሊያመጡ ወጡ። ኮቱ ካስቀመጡበት አልተነሳም፤ ግን ባለቤት አግኝቷል። የሴትዮዋ ሽማግሌ ድመት ከወንበሩ ወደ ወንበሩ ተሻግሮ፣ ላስቲኩን በጥፍሩ በታትኖ፣ የኮቱ ጀርባ መሐል ላይ ተጠቅልሎ ያንኮራፋል። ሴትዮዋ በእፍረት ልታነሳው ስትል የእናትየው ስልክ ጮኸ። ዳይሬክተሩ ነበር።

እሳቸውን ሳያስጨርስ ይቆጣል። ሰዎች ተሰብስበው እየጠበቁ ነው፣ በስንት ውትወታ ነው ያስያዝኩት፣ ልጅቷ የት ደረሰች ይላል። እናትየው የመጠበቂያ ክፍሉን አዩ። ሹፌሩ ጥግ ላይ ቆሞ ፊቱን በእጅጌው ይጠርጋል። በክፍት በሩ በኩል ልጃቸው ጎንበስ ብላ ከቡችሎቹ አንዱን ወደ ጡቱ ስታስጠጋ ትታያለች።

«አትመጣም» አሉ።

ዳይሬክተሩ ምን ማለት ነው አለ።

«ሥራ ላይ ናት ማለት ነው። ላጠፋሁት እኔን ተቀየመኝ፤ ለልጅቷ ሳልጠይቃት የለመንኩህ እኔ ነኝ። እሷ ሥራ አላት።»

ሰውየው ከዚህ የተሻለ ምን ሥራ አላት ሳይል አልቀረም፤ እናትየው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ቤቱ ሁሉ እየሰማ መለሱለት።

«ሐኪም ናት። የውሻ ሐኪም። የድመትም።»

ስልኩን ዘጉ። ልጃቸው በሩ ላይ ቆማ ታያቸዋለች፤ አፏ ተከፍቶ ቀርቷል። በሕይወታቸው እንስሳ አቅፈው የማያውቁት እናት ጎንበስ ብለው ሽማግሌውን ድመት ከኮቱ ላይ በሁለት እጃቸው አነሱት፤ ድመቱም አልተቃወመም።

«በይ ያዢ» አሏት፣ ለልጃቸው እያቀበሉ። «ቀጣዩ ተራ የሱ ነው፤ ከጧት ጀምሮ ሲጠብቅ ነው የዋለው።»