ሁለቱ አምስቶች

"ነካሻቸው! አንቺ ሴትዮ፣ ነካሻቸው!" ላቮን ጮኸች።

አርዲስ የጋለ ብረት እንደነካ ሰው ጣቷን ከቁማር ማሽኑ ላይ አነሳች። ግን ረፍዷል። ሁለት አስ ደርሷት ነበር። የቀሩትን ሦስት የማይረቡ ካርታዎች ልትጥል ብላ አንድ በአንድ ነካቻቸውና ቁልፉን ተጫነች፤ ማሽኑ ደግሞ የማይረቡትን አስቀርቶ ሁለቱን አስ ወሰደባት።

"ይሄ ያንቺ ወጥ ቤት ጠረጴዛ አይደለም" አለች ላቮን በሳቅ እየፈረሰች። "እዚያ የምትጥዪውን ነው የምትነኪው። እዚህ የምታስቀሪውን ነው። የነካሽው ይቀራል፣ ያልነካሽው ይሄዳል። ሌላ ትምህርት የለውም።"

"ታዲያ ቀደም ብለሽ አትነግሪኝም?"

"አውቶቡስ ውስጥ ሁለቴ ነግሬሻለሁ። አንቺ ሳንድዊች ትቆጥሪ ነበር።"

ይህ እውነት ነው። አርዲስ ስምንት ሳንድዊች ይዛ ነው የመጣችው። የቤተ ክርስቲያኑ አውቶቡስ ለአንድ ሰው ሃያ አምስት ዶላር ያስከፍላል፣ ካዚኖው ደግሞ ሃያውን ስም ተጽፎበት ማሽኑ ውስጥ በሚገባ ካርድ ሞልቶ ይመልሳል። ስለዚህ ምሳ ከቤት ከተያዘ፣ በሰሜን ዊስኮንሲን ክረምት ሙሉ ቀን ከቤት መውጣት በአምስት ዶላር ያልቃል ማለት ነው። ሠላሳ ዓመት በትምህርት ቤት ወጥ ቤት የሠራች ሴት እንዲህ ያለውን ሒሳብ አትስትም።

አርዲስና ላቮን ግድግዳ ለግድግዳ ጎረቤት ከሆኑ አርባ ዓመት አለፋቸው። ሐሙስ ሐሙስ አርዲስ ቤት በሳንቲም ካርታ ይጫወታሉ። የአርዲስ ባል ቨርሊንም ይጫወት ነበር። ወረቀት ፋብሪካው ውስጥ ሠላሳ ስምንት ዓመት የቆየባቸው ማሽኖች ጆሮውን ይዘውት ሄዱ እንጂ። ካቻምና አንድ ሐሙስ፣ አብረውት የሚጫወቱት ያሉትን ሳይሰማ ሦስት ጊዜ ተሳስቶ ተሳቀበት። ካርታውን በቀስታ አስቀምጦ ወደ ሳሎን ገባ፣ ከዚያ ወዲህ ወደ ጠረጴዛው አልተመለሰም። ሐኪሙ መስማት እንዲረዳው ያዘዘለትን የጆሮ ማዳመጫ ዋጋ የጻፈበት ወረቀት ማቀዝቀዣው በር ላይ በማግኔት ተለጥፏል። ሦስት ሺህ ስድስት መቶ ዶላር ይላል። አርዲስ ወተት ባወጣች ቁጥር ታነበዋለች።

እስከ ምሳ ድረስ በአምስት ሳንቲሙ ማሽን ላይ ተለማመደች። ጥንድ ስታይ ጥንዱን መንካት ለመደች። ዘጠኝ ዶላርም አተረፈች። ላቮን ግን ከዶላሩ ማሽን ላይ አልተነሳችም፤ አንዱ ጨዋታ አምስት ዶላር ይበላል። ስምንት ሰዓት ላይ ሁለት መቶ ስድሳ ዶላር ሄዶባት ነበር። ቀልዷም አብሮ ሄዷል።

"ነይማ፣ ተቀመጪ" አለቻት በድንገት ዳሌዋን ይዛ እየተነሳች። "ሽንት ቤት መድረስ አለብኝ። ወንበሬን እንዳታስነጥቂ፣ ያ ባለ ብርቱካን ኮፍያ ካንዣበበ ግማሽ ሰዓት ሆነው።"

"ካርታው እኮ ተሰጥቷል።"

"ጥንዷን ያዢና ጨርሺው!" አለች ላቮን እያነከሰች።

አርዲስ ተቀመጠች። ሁለት አምስቶች አሉ። ሌሎቹ ሦስቱ ንጉሥ፣ ንግሥትና ጃክ ናቸው፤ ሦስቱም ቀይ ልብ። ባለ ብርቱካን ኮፍያው ሰውዬ የወንበሩን መደገፊያ ያዘ።

"ትጫወቻለሽ ወይስ ትጸልያለሽ?"

"እየተጫወትኩ ነው።"

"አይመስልም።"

ትንፋሹ አንገቷ ላይ ደረሰ። ቢራ ቢራ ይላል። አምስቶቹን መያዝ፣ ሦስቱን መጣል። እጇ ተቻኮለ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፤ ነካቻቸውና ቁልፉን ተጫነች።

ሁለቱ አምስቶች ሲጠፉ አየች። "ወይኔ" አለች። የላቮን አምስት ዶላር!

በአምስቶቹ ቦታ አስርና አስ መጡ። ሁለቱም ቀይ ልብ።

ማሽኑ ቀጥ አለ። ከአናቱ ያለው መብራት መሽከርከር ጀመረ። ባለ ኮፍያው ሰውዬ መደገፊያውን ለቅቆ "አይ እድል" አለ። መስታወቱ ላይ ከሁሉም ብዙ የሚከፍለው የሮያል ፍላሽ መስመር ብልጭ ድርግም ይላል፣ ከጎኑ ደግሞ አራት ሺህ የሚል ቁጥር አለ።

ላቮንና ሬዲዮ ያንጠለጠለችው የካዚኖው ሠራተኛ እኩል ደረሱ።

"እንኳን ደስ አላችሁ። ቁልፉን የተጫነው ማነው?"

"ገንዘቡ የኔ ነው" አለች ላቮን ፈጥና። "ውስጥ ያለው ካርድም የኔ ነው። ስሜን አንብቢው።"

"ገባኝ፣ እናቴ። የቤቱ ደንብ ግን የተጫነውን ሰው ነው የሚያውቀው። የግብሩ ወረቀትም በሱ ስም ነው የሚወጣው። ከላይ ካሜራ አለ።"

ሁሉም ወደ ላይ አዩ። ከዚያ ላቮን ዓይኗን ወደ ካርታዎቹ መለሰች።

"ጥንዷን ያዢ አላልኩሽም?"

"ብለሽኛል።"

"አንቺ አምስቶቹን ጥለሽ ሦስቱን ያዝሽ?"

አርዲስ አፏን ከፈተች። የማቀዝቀዣው በር ፊቷ ላይ መጣ፤ ወረቀቱ፣ ማግኔቱ፣ ቁጥሩ።

"እንዲያው... ታየኝ" አለች።

ላቮን በአፍንጫዋ ሳቀች። ደስ የሚል ሳቅ አልነበረም።

"አርባ ዓመት ሙሉ የምልሽን አልሰማ ብለሽ ዛሬ ጠቀመሽ። እኔ ብሆን አምስቶቹን ይዤ እንጀራዬን እዘጋ ነበር።" ወደ ሠራተኛዋ ዞረች። "በሷ ስም ጻፊው። የሷ ነው።"

"ላቮን..."

"አምስት ዶላሬን መልሺልኝ፣ በቃ። ድፍረቱ ያንቺ ነው።"

አርዲስ ከቦርሳዋ አምስት ዶላር አውጥታ ሰጠቻት። ሠራተኛዋ ፈገግ አለችላት። አርባ ባለ መቶ ኖቶች በፖስታ ተሰጧት፣ ፈረመች።

አውቶቡሱ ተነስቶ ጥድ ጫካው ውስጥ ሲገባ ላቮን ለሁሉም አወራች፤ ካወራች ደግሞ አታሳጥርም።

"ጥንድ ሰበረች! የምታውቋት ይቺ ሴትዮ፣ ሳሙና በቅናሽ ካልሆነ የማትገዛዋ፣ በኔ አምስት ዶላር ጥንድ ሰበረች!"

"ሐሙስ እኔንም ታስተምሪኛለሽ" አላት አርዲስን ጡረታ የወጣው ፖስተኛ ጌይለን ከኋላ።

"አንተን ማስተማር? መጀመሪያ ደብዳቤ ትክክለኛው ቤት ማድረስ ተማር" አለችው ላቮን፣ አውቶቡሱም ሳቀ።

አርዲስ ሳንድዊች አደለች። ለራሷ አልቀመሰችም። ማንም አስገድዶ አልወሰደም፣ ላቮን ራሷ ነች የሰጠችው፣ ትላለች በሆዷ። ደንቡም ይኸው ነው፣ ካሜራውም አይቷል። ግን ካሜራው ያየው ጣቷን ነው፤ ጣቷ ምን ፈልጎ እንደነካ አላየም።

ሰዉ ወሬውን ጨርሶ ማንቀላፋት ሲጀምር ላቮን ግንባሯን መስኮቱ ላይ አስደገፈች።

"ጣሪያውን ለበጋ አሰራዋለሁ" አለች፣ ማንም ሳይጠይቃት። "ሸራው እስከዚያ ይችላል።"

በመስከረሙ የበረዶ ውርጅብኝ የተበሳው የላቮን ጣሪያ ላይ ሰማያዊ ሸራ ተወጥሯል። ነፋስ ሲመጣ ሸራው የሚንኳኳው እስከ አርዲስ መኝታ ቤት ድረስ ይሰማል። ቨርሊን አይሰማውም።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ደረሱ። የቨርሊን አሮጌ ፒክአፕ መብራቱን አብርቶ ከአጥሩ ጥግ ቆሟል። ሁለቱንም ወደ ቤት የሚያደርሳቸው እሱ ነው። ሰዉ እየተገፋፋ ወረደ። ላቮን ልትነሳ ስትል አርዲስ እጅጌዋን ያዘች።

"ቆዪ።"

"ምን ሆነሻል? ዳሌዬ ደርቋል፣ ልውረድበት።"

"አምስቶቹን ልይዝ ነበር።"

"የትኞቹን?"

"ያልሽኝን። ሰውዬው ትንፋሹን ለቀቀብኝና ተደናገርኩ። ሦስቱን ልጥል ብዬ ነው የነካኋቸው። እንደ ጠረጴዛችን።"

ላቮን ተመልሳ ተቀመጠች።

"ታየኝ አላልሽም?"

"ዋሸሁ። ምንም አልታየኝም። በአርባ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማሁሽ ዛሬ ነው፤ እሱንም አበላሸሁት።"

ላቮን አልሳቀችም። ሹፌሩ በመስታወቱ አያቸው። አርዲስ ፖስታውን ከቦርሳዋ አውጥታ የላቮን ጉልበት ላይ አስቀመጠችው። ከዚያ ዞር ብላ ሳታይ ወረደች።

ቨርሊን መስኮቱን ዝቅ አድርጎ እንደ ልማዱ ጮኸ። "እሺ፣ ቁማሩን ተማርሽ?"

"አልተማርኩም" አለች በሩን እየከፈተች።

"ምን አልሽ?"

ገብታ እየተቀመጠች በእጇ "አይ" አለችው። ራሱን ነቀነቀና ማርሹን ያዘ። ላቮን ገና አልወረደችም። በአውቶቡሱ መስኮት ጭንቅላቷ ብቻ ይታያል፤ ወደ ጉልበቷ ያጎነበሰ።

ከኋላ መኪና ጥሩምባ ነፋ። ቨርሊን አልሰማውም፣ አርዲስ ሰማችው። እጇን ከእጁ ላይ ጭና ማርሹን አስለቀቀችው። ከዚያ ወደ መሃል ተጠጋች፤ የላቮንን ቦታ፣ የበሩን ጎን፣ ባዶ ትታ።