ለሦስት እግር ያልበራ መብራት

ቆሰበር ውስጥ ስለ መኪና የተከራከሩ ሰዎች ካልተስማሙ ወደ ላቫጆው ይሄዳሉ። እዚያ አሸናፊ አለ። አሸናፊ ከቆሰበር ጥሊሊ ሚኒባስ ሲነዳ ዕድሜውን ያጋመሰ ሰው ነው፤ አፉ ደግሞ ከሞተሩ ቀድሞ ይነሳል። መኪናው እስኪታጠብ ሻዩን ይዞ ድንጋይ ላይ ይቀመጥና ይፈርዳል። ስለ ቪትዝ ሲጠይቁት፣ «ስሟ ትልቅ ነው እንጂ እሷማ ምን አላት? ዋጋዋን ሰምቶ ያያት ሰው ግማሿ የቀረ ይመስለዋል» ይላል። የመንግሥት መኪና የሚነዳ ጉድጓድ አይፈራም፤ ጎማው የአባቱ አይደለማ። የሲኖ ሾፌር መንገዱን በውርስ ያገኘው ይመስለዋል። የአይሱዙ ሾፌር ጫት ካልያዘ ማርሽ አይገባለትም። ይህን ሲል ባለ አይሱዙው ሽባባው ራሱ ሆዱን ይዞ ይስቃል።

ባጃጅ ላይ ሲደርስ ግን ፌዙ መረር ይላል። «ባጃጅ ነጂ መስታወት የሚሰቅለው ጸጉሩን ሊያይበት ነው። እሱን ሾፌር ያለ ዶሮንም ንስር ብሎ ይጥራት።» ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና ይህቺ ንግግር ከላቫጆው ወጥታ ከተማውን አዳረሰች።

ያም ሆኖ አንድ ነገር ጠላቱም አይክደውም። አሸናፊ መብራት አይነፍግም። በዚያ መስመር ጉም ሲወርድ፣ መንገድ ላይ እክል አይቶ ያለፈ ሾፌር ከፊቱ ለሚመጣው መብራቱን ብልጭ ያደርግለታል። ከብት ይሁን የተበላሸ መኪና፣ መብራት ከተሰጠህ ቀንስ ማለት ነው። ሌላው ሾፌር ይረሳል፣ አንዳንዴም ይሰንፋል። አሸናፊ ግን ረስቶ አያውቅም፤ ለዚህም ሾፌሩ ሁሉ ይመርቀዋል።

ነሐሴ ላይ አንድ ጠዋት ተሳፋሪ ሞልቶ ወደ ጥሊሊ ሲሄድ፣ ዘንገና ሐይቅ አጠገብ ካለው መታጠፊያ ላይ ትልቅ የባሕር ዛፍ ግንድ ተጋድሞ አገኘ። ከጭነት መኪና የወደቀ ነው፤ ከጥሊሊ በኩል የሚመጣውን አቅጣጫ ዘግቶታል። ወርዶ ሊገፋው አሰበና ዝናቡን አይቶ ተወው። መብራት ይበቃል ብሎ ራሱን አታለለ።

ትንሽ እንደሄደ አንድ ሲኖ ከፊቱ መጣ። ብልጭ አደረገለት፤ ሲኖው ቀነሰ። ከሲኖው ኋላ ራቅ ብሎ ደግሞ አንድ ባጃጅ ከጉሙ ብቅ አለ። የአሸናፊ እጅ እንደ ልማዱ ወደ መብራቱ ሄደ፤ ከመንገድ መለሰው።

«ለባጃጁስ?» አለው ጋቢና የተቀመጠው ተሳፋሪ።

«ለሦስት እግር መብራት አላባክንም።»

ተሳፋሪዎቹ ሳቁ። ባጃጁ ሽው ብሎ አለፈ።

ሲመለስ ባጃጁን ቦይ ውስጥ ተገልብጦ አገኘው። ነጂው ምንይችል እግሩ ተሰብሮ ወደ ሆስፒታል ተወስዷል። ግንዱ ግን የለም። በዚያ አገር የወደቀ እንጨት ባለቤት አያጣም፤ አንዱ ጎትቶ ወስዶታል። ምንይችል «ግንድ መትቼ ነው» ቢል ማን ይመነው? የባጃጅ ማኅበሩም በፍጥነት ሲከንፍ ነው ብሎ እሁድ ተሰብስቦ ከሥራ ሊያስወጣው መሆኑ ተሰማ።

ላቫጆው ላይ ሽባባው፣ «ጸጉሩን ሲያይ ነዋ!» አለና ሁሉም አሸናፊን እያዩ ሳቁ። የራሱ ንግግር ነበረች። እሱም ጥርሱን አሳየ፤ ሻዩን ግን ሳይጨርስ አስቀመጠው። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል። እዚህ ግን የተወጋው ማን እንደወጋው አያውቅም፤ እንቅልፍ ያጣው የወጋው ነው። አፈረ፤ ማፈሩን የሚያወራለት ሰው ደግሞ አልነበረውም።

ዓርብ ዕለት በፌስታል ብርቱካን ገዝቶ ሆስፒታል ሄደ። የምንይችል እናት ወይዘሮ ደብሪቱ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል። ሲያዩት ብድግ አሉ።

«ኧረ በሞቴ እማማ፣ ይቀመጡ» አለ አሸናፊ።

«ተባረክ ልጄ። ከሾፌር የጠየቀን አንተ ብቻ ነህ» አሉና ከብርቱካኑ አንዱን ይልጡ ጀመር።

ምንይችል ከትራሱ ቀና አለ። «ጋሼ፣ እንኳን መጡ። አንድ ነገር ልጠይቅዎት ነበር። ግንዱ የወደቀው እርስዎ ካለፉ በኋላ ነው አይደል?»

አሸናፊ ዓይኑን ወደ ታሰረው እግር ወሰደ።

«ጉሙን ፈርቼ ቀስ ብዬ ነበር የምመጣው። የእርስዎን ሚኒባስ ሳይ ነው ነዳጅ የሰጠሁት። ጋሽ አሸናፊ መብራት ካልሰጡ መንገዱ ሰላም ነው ብዬ።»

አሁን ለአሸናፊ ገባው። ለካ መብራት መንፈጉም እንደ መስጠቱ ተነቧል። መውጫው ደግሞ እዚያው ፊቱ ላይ ነበረ። «አዎ፣ ከእኔ በኋላ ነው፤ ስመለስ አይቼዋለሁ» ቢል ልጁም ከማኅበሩ አይወጣ፣ የእሱም ስም አይጎድፍ። ትንሽ ውሸት ናት፤ ለሁለቱም ትበቃለች። ቃሉ ምላሱ ላይ ደርሶ ነበር። የልጁን ፊት ሲያይ ግን አልወጣ አለው፤ አሁንም እያመነው ነበር።

«ቀድሞም ነበረ» አለ። «አይቼው ነው ያለፍኩት። እሁድ ማኅበሩ ፊት ቆሜ እመሰክርልሃለሁ።»

ምንይችል ግራ ተጋባ። «በጉሙ አላዩኝም ማለት ነው?»

«አይቼሃለሁ።»

የእናትየው እጅ ቆመ። ምንይችል ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጠየቀ።

«ከፊቴ ሲኖ ነበረ። ለእሱ አበሩለት?»

«አበራሁለት።»

ልጁ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ወይዘሮ ደብሪቱ የላጡትን ብርቱካን መልሰው ፌስታሉ ውስጥ ከተቱና ፌስታሉን አሸናፊ እጅ ላይ አኖሩለት።