አውሮፕላኑ እስኪያልፍ

ጸደንያ የምትሠራበት የስልክ ጥገና ሱቅ ከቦሌ መድኃኔዓለም ጀርባ፣ ግንባታው ባላለቀ ሕንፃ ምድር ቤት ነበር። በ2008 ዓ.ም. ቦሌ ውስጥ እንዲህ ያለ ሕንፃ ብርቅ አልነበረም፤ ላይኛው ፎቅ ገና ብሎኬት እየጠበቀ ታችኛው ተከራይቶ ያድራል። ጠዋት ስትገባ የመጀመሪያ ሥራዋ ጠረጴዛው ላይ ያደረውን የሲሚንቶ ብናኝ መጥረግ ነው። ወዲያው ይመለሳል፤ እሷም መልሳ ትጠርገዋለች።

ሱቁ የኢዩኤል ነው። ስልክ ፈትቶ መበየድ፣ ስክሪን መቀየር፣ ውኃ የገባበትን ማድረቅ የሱ ድርሻ ነው፤ እጁ ወርቅ ነው፣ አፉም አይሰንፍም። የጸደንያ ድርሻ ሶፍትዌሩ ነው። ከፋብሪካ የመጣ አፕዴት ያደናገረውን፣ ሰው ከኢንተርኔት ያወረደው ሲስተም ያሳበደውን ስልክ ሁሉ ወደ ልቡ የምትመልሰው እሷ ናት። በኮምፒውተር ሳይንስ ስለተመረቀች ኢዩኤል «ዲግሪ» እያለ ይጠራታል። አይከፋትም። ከደንበኛ ጋር የሚያወራው እሱ መሆኑ ብቻ ትልቅ እፎይታዋ ነው። እሷ ጥግ ይዛ፣ ጀርባዋን ለግድግዳ ሰጥታ ትሠራለች። ስልክ እንደ ሰው ዓይን ዓይኗን እያየ መልስ አይጠብቅም።

አንድ የግንቦት ጠዋት አንድ ሽማግሌ ገቡ። ረዘም፣ ከሳ ያሉ ናቸው፤ ኮታቸው ከትከሻቸው ሰፍቷል። ከኪሳቸው በመሐረብ የተጠቀለለ ስልክ አውጥተው ሲፈቱት የታመመ ጫጩት የያዙ ይመስላሉ።

«እንደምን አደራችሁ ልጆች። ነገራ እባላለሁ፤ ከቡልቡላ ነው የመጣሁት።»

«እንኳን ደህና መጡ ፋዘር። ምን ሆነ?» አለ ኢዩኤል።

«መጀመሪያ አፕዴት ላድርግ አለኝ። እሺ አልኩት። ከዚያ ወዲህ...»

ከላይ አውሮፕላን መጣ። ሽማግሌው አፋቸውን እንደከፈቱ፣ አንድ ጣታቸውን እንዳነሡ ቆሙ። ጩኸቱ ሕንፃውን አልፎ ሲርቅ ጣታቸውን አውርደው ካቆሙበት ቀጠሉ።

«...ልጄ ሐዋሳ ሆኖ የሚደውልበት ኢንተርኔት እምቢ አለ። ግንኙነቱ አያስተማምንም ይለኛል።»

ኢዩኤል ሳቀ። «ፋዘር፣ ዝም ሲሉብኝ እኮ እርስዎም ኔትወርክ የሄደብዎት መስሎኝ ነበር።»

«እኛ ሰፈር እንዲህ ነው የሚወራው» አሉ አቶ ነገራ፣ ሳይቀየሙ። «ማኮብኮቢያው ሥር ተወልጄ ማኮብኮቢያው ሥር አረጀሁ። ሰው ከአውሮፕላን ጋር አይጯጯኽም።»

ጸደንያ ከጥግዋ ሆና ፈገግ አለች።

አቶ ነገራ ስልኩን አንድ ሌላ ሱቅ ወስደውት ነበር። እዚያ አፕዴቱ ነው ያበላሸው ተባለና ሌላ ሲስተም ተጫነበት። አሁን ጭራሽ ብሶበታል፤ በርቶ ሳይቆይ ራሱን ያጠፋል፣ ፎቶ ልክፈት ሲሉት ደግሞ መተግበሪያው ቆሟል ይላል።

ኢዩኤል አገላብጦ አየው። «የድሮውን ሳያጠፉ ላዩ ላይ ነው የጫኑት። አሮጌ ግድግዳ ላይ አዲስ ፎቅ እንደመቀጠል ማለት ነው። ቀላል ነው፤ ሙልጭ አድርገን አጥፍተን የፋብሪካውን እንመልስለታለን። ከምሳ በፊት ይወስዱታል።»

«ሲጠፋ ውስጡ ያለውስ?»

«አብሮ ይጠፋል።»

አቶ ነገራ መሐረቡን አራት ቦታ አጣጠፉት። «እንግዲያው ይቅር። አንድ ቪዲዮ አለኝ።»

ኢዩኤል እንዲህ ያለ ነገር በየቀኑ ይሰማል፤ ያም ሆኖ አዳመጠ። አቶ ነገራም ቀስ ብለው ነገሩት። ቪዲዮው መሬታቸው ለኮንዶሚኒየም ከመሄዱ በፊት የወቁት የመጨረሻ ጤፍ ነው። አምና ታኅሣሥ፣ የገብርኤል ማግስት፣ ራሳቸው ነበሩ ያነሡት። ውስጡ ባለቤታቸው ብርቄ አለች፤ ትናገራለች። በመስከረም ግማሽ ጎኗን መታትና ምላሷም አብሮ ታሰረ።

«ማታ ማታ ከፍቼ አሳያታለሁ» አሉ። «ራሷን ስትናገር ትሰማለች። ስቃ የምትተኛው ያን ጊዜ ብቻ ነው። አሁን ግን ስልኩን በጣቷ ትጠቁመኛለች። ምን ልበላት?»



«እኔ ልየው» አለች ጸደንያ። ድምፅዋ እንደወትሮው ዝቅ ያለ ስለነበር ኢዩኤል ዞሮ «ምን አልሽ?» አላት።

«ከመጥፋቱ በፊት ልየው አልኩ።»

«ዲግሪ፣ ወረፋ አለብሽ።»

«አውቃለሁ» አለችና እጇን ዘረጋች። አቶ ነገራ ስልኩን ከነመሐረቡ ሰጧት።

ስልኩን አጠፋችው። ከዚያ የድምፅ መጨመሪያውንና ማብሪያውን አብራ ተጭና ሲስተሙ ሳይነሣ የሚከፈተውን የጥገና ገጽ አወጣች። እዚያ ገጽ ላይ እያለ ስልኩ ራሱን አያጠፋም። በኬብል ከኮምፒውተሩ ጋር አገናኘችውና የካሜራውን ማኅደር ከፈተች። ምስል አይታይም፤ የሚታየው የተነሡበት ቀን ብቻ ነው፣ በቁጥር፣ ዓመቱ ቀድሞ፣ ቀጥሎ ወሩ፣ ከዚያ ዕለቱ። በጣቷ ቆጠረች። የአምናው ታኅሣሥ ሃያ በፈረንጅ ዲሴምበር ሃያ ዘጠኝ፣ 2014 ነው።

በዚያ ቀን የተነሣ ምንም ነገር የለም። በዚያ ወርም የለም። በዚያ ዓመትም የለም። መጨረሻ ላይ ዓመታቸው 2007 እና 2008 የሚሉ ብዙ የፋይል ስሞች ተደርድረዋል፣ ከነሱ በቀር ባዶ ነው።

ኢዩኤል በትከሻዋ ላይ አጎንብሶ አየ። «በ2007 እኮ እንዲህ ያለ ስልክ ጭራሽ አልተሠራም። ባትሪው ሲሞት ሰዓቱ ይጠፋበትና የባጥ የቆጡን ቀን ይጽፋል። ቆሻሻ ነው።»

እውነቱን ነው። እሷም ከሞት ተመልሰው 1970 ነው የሚሉ ስልኮች አይታለች። ራሷን ነቀነቀች፤ ከስሞቹ አንዱን እንኳ ሳትከፍት አለፈቻቸው።

ለሽማግሌው የነገራቸው ኢዩኤል ነው፣ ቀልዱን ትቶ። «ፋዘር፣ የለም። ከኛ በፊት የነካው ሰው ሳያጠፋው አልቀረም።»

አቶ ነገራ ወንበር ፈልገው ተቀመጡ። የሕንፃው ሠራተኞች ከላይ ብረት ሲጥሉ ጣራው ነዘረ። ሰውየው ጣሪያውን ቀና ብለው አይተው እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አኖሩ።

«እንግዲህ ምን ይደረጋል» አሉ። «ልጁ እንኳ ይደውልላት። አጥፉት።»

ጸደንያ በጥገናው ገጽ ላይ ሁሉንም አጥፋ ወደሚለው መስመር ወረደች። ስልኩ እንደልማዱ ጠየቀ፤ በእርግጥ ይጥፋ? ሥሩ «አዎ» አለ። አውራ ጣቷን አዘጋጀች። ለሽማግሌው አንድ ነገር ልትላቸው ፈለገች፤ ነገር ግን ምን እንደሚባል አላወቀችም። ምን እንደሚባል አታውቅም ነበር፣ ሁልጊዜም።

አቶ ነገራ ወሬ ለመቀየር ያህል ወደ ኮምፒውተሩ ተመለከቱ። «የናንተም ዕቃ ታሟል ልበል? አራት ተኩል አይደለም እንዴ? ይቺ አሥር ተኩል ትላለች።»

«የፈረንጅ ሰዓት ነው፣ ፋዘር» አለ ኢዩኤል።

«እንዲያ ነው እንዴ። የኔው በሀበሻ ነበር። ያ አፕዴት የሚሉት መጥቶ አዛብቶብኝ፣ በእጄ መልሼ አስተካከልኩት።»

ጸደንያ አውራ ጣቷን አነሣች።

«አባባ» አለች። «ያስተካከሉት ሰዓቱን ብቻ ነው?»

«ሰዓቱንም፣ ቀኑንም። 2016 ብሎኝ ነበር እኮ። ባለቤቴ የየበዓሉን ቀን ከሱ ላይ ነው የምታየው፤ እንዴት ብዬ እተወዋለሁ?»

«ከአፕዴቱ በፊትስ? ሲገዙት?»

«ያኔም። የመጀመሪያው ቀን ነው ያስተካከልኩት። ዓመቱን፣ ወሩን፣ ሁሉን። ወሩን በስም አያውቅልኝም፣ በቁጥር ነው የምሰጠው። መስከረም አንድ፣ ጥቅምት ሁለት...»

«ታኅሣሥ አራት» አለች ጸደንያ።

ኢዩኤል የያዘውን መበየጃ አስቀመጠ።

ሳሊተ ምሕረት ሰፈር፣ የጸደንያ እናት ቤት ያለው የግድግዳ ሰዓት በሀበሻ ነው የሚቆጥረው። ጾሙም፣ ዕድሩም፣ የልደቷም ቀን በሀበሻ ነው። ጠዋት ሱቁ ስትገባ ግን ያንን ሁሉ እንደ ጃንጥላ በር ላይ ትታ ትገባለች፤ ከኮምፒውተሩ ፊት ስትቀመጥ 2007 ማለት እሷ ገና ሕፃን ተማሪ የነበረችበት ዘመን ነው። ከዚህ ወንበር ላይ ሆና አምና ብላ አስባው አታውቅም። ሰውየው ቀኑን ሲነግሯት ያደረገችው የመጀመሪያ ነገር ወደ ፈረንጅ መመንዘር ነበር፤ ስልኩ ግን መመንዘር አላስፈለገውም ነበር።

«አዎ» ከሚለው ተመለሰች። ወደ ማኅደሩ ገብታ ቆሻሻ ነው ብለው ወዳለፉት ወረደች። 2007። ወር 04። ቀን 20። ርዝመቱ ደኅና የሚባል አንድ ቪዲዮ።

ጮኻ አልተናገረችም። «አለ» ብቻ አለች፤ ይህን ጊዜ ግን ሁለቱም ሰሟት።

ቪዲዮውን ወደ ኮምፒውተሩ መቅዳት ጀመረች። ኬብሉ አርጅቷል፣ ምን ያህል እንደተቀዳ የሚያሳየው ቀይ አሞሌ እየተንፏቀቀ ይሄዳል። እሱ እስኪያልቅ አቶ ነገራ ወንበራቸውን ወደ ጠረጴዛዋ አስጠጉ። ዓይን ዓይኗን እያዩ መልስ ይጠብቃሉ፤ ስለዚህ መናገር ነበረባት።

«ኢንተርኔቱም እምቢ ያለው በዚሁ ነው፣ አባባ። እያንዳንዱ መተግበሪያ መታወቂያ አለው፤ መታወቂያው የወጣበት ቀን ተጽፎበታል። የእርስዎ ስልክ ዓመቱ 2008 ነው ብሎ ያምናል። መታወቂያው ደግሞ በፈረንጅ 2015 ወጣ ይላል። ስለዚህ ገና ያልወጣ መታወቂያ ይዞ የመጣ ሰው መሰለው። በሩን ዘጋው።»

«ድሮስ? ድሮ ይሠራ ነበር።»

«የድሮው ብዙ አይጠይቅም ነበር። አዲሱ አፕዴት ጥበቃውን አጠበቀ።»

አቶ ነገራ አሰቡበት። «ስለዚህ አፕዴቱም አላበላሸው። ያኛው ሱቅ የጫነውም ሲስተም በከንቱ። ጥፋቱ የኔ ነዋ።»

«አይደለም» አለች ጸደንያ። «እርስዎ ትክክለኛውን ቀን ነው የሰጡት። ስልኩ በየትኛው እንደሚቆጥሩ አልጠየቀዎትም። እኔም አልጠየቅሁዎትም።»

«እኔ ደግሞ ቆሻሻ ብዬዋለሁ» አለ ኢዩኤል፣ አንገቱን እያከከ። «ዲግሪ፣ ይሄን የሰማ ደንበኛ እንዳይኖር።»

«እኔ ሰምቻለሁ» አሉ አቶ ነገራ። «ቡልቡላ ሙሉ ነው የማወራው።»

ከዚያ በኋላ እንዴት እንደሚሆን ነገረቻቸው። ፎቶውና ቪዲዮው ሁሉ በኮምፒውተሩም በሜሞሪ ካርድም ይቀመጣል፤ ያን ጊዜ ስልኩ ሙልጭ ብሎ ይጠፋና የፋብሪካው ሲስተም ይጫናል። ስልኩ ውስጡን በፈረንጅ ይቁጠር፤ ላዩ ላይ ግን የሀበሻ ቀንና ሰዓት ከነበዓላቱ የሚያሳይ መተግበሪያ ትጭንላቸዋለች።

«ለነሱ በነሱ፣ ለኛ በኛ» አሉ ሽማግሌው። «ባለሁለት ልብ ይሆናል በይኛ።»

«እንደኛው» አለች ጸደንያ።

አሞሌው ሞላ። ያለ እንከን መቀዳቱን ለማየት መክፈት ነበረባት። ኢዩኤል ሥራውን ትቶ መጣና ከኋላቸው ቆመ።

ቢጫ ውድማ ታየ። በሬዎች እየዞሩ ጤፍ ያበራያሉ፤ ከሩቅ የኮንዶሚኒየም ኮለኖች ጫፋቸው ላይ ብረት እንደበቀለባቸው ቆመዋል። ምስሉ ተንቀጥቅጦ አንዲት ሴት ላይ ቆመ። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራለች፣ መንሽ ይዛለች፣ ገለባ ፀጉሯ ላይ ሰፍሯል። ወደ ካሜራው በኦሮምኛ ፈጠን ፈጠን ብላ ተናገረች። ድምፅዋ ጎርነን ያለ ነው፣ ቁጣና ሳቅ የተቀላቀለበት።

«አንተ ሰውዬ፣ ስልኩን አስቀምጥና መንሽ ያዝ ነው የምትለኝ» አሉ አቶ ነገራ ሳይጠየቁ። «ፎቶ እህል አይሆንም ትላለች።»

ኢዩኤል ሳቀ። ሴትየዋ መንሹን ወደ በሬዎቹ ዘርግታ ሌላ ነገር ጀመረች፤ ግማሹን ተናግራ ሳትጨርስ ከኮምፒውተሩ ትንሽ ድምፅ ማጉያ ጩኸት ፈላ። ውድማው ላይ ጥላ አለፈ። ብርቄ አፏን እንደከፈተች፣ አንድ ጣቷን እንዳነሣች ቆመች።

ጩኸቱ ሱቁን ሞላው። ረዘመ። ኢዩኤል ለማሳለፍ እጁን ወደ ማውሱ ሰደደ፤ አቶ ነገራ ክንዱን ያዙት።

«ተው ልጄ፣ አታሳልፈው።»

ጸደንያ ወደ ሽማግሌው ተመለከተች። እሳቸውም ከስክሪኑ ፊት ጣታቸውን አንሥተዋል።

«ትንሽ ጠብቁ» አሉ። «ሲያልፍ ትቀጥላለች።»

ሦስቱም ጠበቁ። አውሮፕላኑ አለፈ፤ ብርቄም ጣቷን አውርዳ ካቆመችበት ቀጠለች።