የሕዝቅኤል ጉልበት

ባሕር ማዶ፣ በኮሎምቢያ ሲቲ ሰፈር ዙሪያ የሚኖር ሐበሻ ሁሉ የሕዝቅኤልን ጉልበት ያውቀዋል። ልጁ የከተማዋ የበረዶ ሆኪ ቡድን ተከላካይ ነው። በዚህ ጨዋታ እንጀራውን የሚበላ ሌላ የኛ ሰው በአካባቢው ስለሌለ፣ የጨዋታው ሕግ ፈጽሞ ያልገባቸው እናቶች ሳይቀሩ በስሙ ይምላሉ። ታዲያ ባለፈው ዓመት ድንገት ከሜዳ ሲጠፋ እናቱ የኔነሽ «ጉልበቱን ነው» አለች። ጉልበቱ ደህና ነበር። ሐኪሞቹ አንገቱ ሥር ያበጠውን ዕጢ መርምረው ካንሰር ነው ብለውታል።

የኔነሽ ይህን ቃል በአፏ አታዞረውም። አገር ቤት ሳለች የታላቅ እህቷ በሽታ ስሙ በተጠራ ማግስት ጎረቤቱ ነጠላውን አዘቅዝቆ መጣና፣ ለሴትየዋ ገና በቁሟ አለቀሰላት። እህቷ አልጋዋ ላይ ሆና ያን ልቅሶ ሰማች። የኔነሽ ይህን አትረሳውም። ስለዚህ «ልጄን በሕይወት እያለ ማንም አይቀብርብኝም» ብላ ማለች፤ ቡድኑም በሕዝቅኤል ልመና «በሕክምና ምክንያት» ብሎ አለፈው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም የሚለውን ተረት እሷም ታውቀዋለች። ሁላችንም እናውቀዋለን፤ የምንተርተው ግን ለጎረቤት ነው።

ውሸት ደግሞ ቀለብ ይፈልጋል። ሐበሻ የሰው ሕመም ሰምቶ ሳይጠይቅ አያድርም። የማርያም ማኅበሯ ሴቶች ብርቱካናቸውን አንጠልጥለው እየመጡ መሆናቸውን ሲደውሉላት፣ የኔነሽ የልጇን ደህና ጉልበት በፋሻ ጠቅልላ ትራስ ላይ ታሳርፈዋለች፤ መድኃኒቱ ፀጉሩን የጨረሰበትን ራሱን በሹራብ ኮፍያ ትሸፍነዋለች። የማኅበሩ ሰብሳቢ ወይዘሮ ገንዘብ ምላሳቸው ቅጠል የሚያረግፍ ሴት ናቸው፤ የኔነሽም ከሁሉ አብልጣ የምትፈራው እሳቸውን ነው። እኚህ ሴት አንድ ቀን ኤርፖርቱ አጠገብ ካለችው ዴ ሞይን ወጌሻ ይዘው ከች አሉ።

ወጌሻው አቶ ተክለ ጻድቅ ቀን ቀን ኤርፖርት ሻንጣ ይጭናሉ፤ ከሥራ መልስ የወለቀ ይመልሳሉ። ያን ምንም ያልሆነ ጉልበት በቅቤ አሽተው ወዲህ ቢስቡት ወዲያ ቢጠመዝዙት፣ ልጁ ቤቱን በጩኸት አናጋው። አቶ ተክለ ጻድቅ ላባቸውን እየጠረጉ፣ ወልቆ እንደነበርና አሁን ቦታው እንደገባ አበሰሩ። እንግዶቹ ወጥተው በሩ ሲዘጋ እናትና ልጅ ተያዩ። መጀመሪያ ሳቁ፣ ከዚያ ተቃቅፈው አለቀሱ።

እግዜር ይመስገን፣ ዳነ። ኖርዝጌት ወዳለው የልምምድ ሜዳ የተመለሰ ዕለት ግን አንድ ዙር ሳይጨርስ ግድግዳውን ተደግፎ አስታወከ። በማግስቱም ሄደ፤ በሳልስቱም ሄደ። በዐሥራዎቹ ዕድሜ ያሉ ጀማሪዎች እያለፉት፣ እግሩ እየከዳው፣ ወድቆ እየተነሳ ከረመና የውድድሩ ወቅት ሲከፈት ማሊያውን ለበሰ። ያን ሰሞን አቶ ተክለ ጻድቅ ዴ ሞይን ላይ ደረታቸውን ነፍተው ነው የሄዱት።

ከዚያ ሽልማቱ መጣ። ቡድኑ መከራን በጽናት ላለፈ ተጫዋች በየዓመቱ ዋንጫ ይሰጣል፤ ጓደኞቹም በአንድ ድምፅ ሕዝቅኤልን መረጡ። ዋንጫውን በሕዝብ ፊት የሚያስረክበው ተሸላሚው የፈለገው ሰው ነው፤ እሱ ደግሞ እናቱን ፈለገ። የኔነሽ ከደስታዋ ብዛት ተንበርክካ መሬት ሳመች። ብድግ ስትል ግን ፊቷ ተለውጦ ነበር፤ ምን ብለው እንደሚሸልሙት ጠየቀችው።

«እውነቱን ነዋ» አላት።

«ጉልበቱን ታሞ ነበር ይበሉ።»

«እማ፣ አብረውኝ ኬሞ ይወስዱ የነበሩትን ሰዎች ኢንቫይት አድርጌያለሁ። እነሱ ፊት ቆሜ ጉልበቴን ነበር ልበል? ኦኬ፣ አንቺ ካልፈቀድሽ አልናገርም። ግን እንደዛ ከሆነ ሽልማቱን አልወስድም፤ ለሌላ ሰው ይስጡት።»

ልጇን ታውቀዋለች፤ አልወስድም ካለ አይወስድም። ሳምንቱን እህል አልወርድ፣ እንቅልፍ አልመጣ አላት። ሽልማቱን ቢተው ያ ሁሉ ልፋቱ በእሷ እፍረት መቅረቱ ነው፤ ቢነገር ደግሞ ታቦት ፊት ለደህና ጉልበት ማኅበሯን ያስጸለየች ውሸታም መባሏ ነው። በመጨረሻ ለልጇ ደወለችና፣ እውነቱን ተናገር፤ ሴቶቹ ግን ከቴሌቪዥን ከሚሰሙት እኔው ራሴ እነግራቸዋለሁ አለችው።

ቅዳሜ ከሰዓት ሴቶቹና አቶ ተክለ ጻድቅ ሕዝቅኤል በላከላቸው ቲኬት ሊገቡ፣ ነጭ በነጭ ለብሰው ባቡር ተሳፈሩ። የኔነሽ እዚያው ባቡሩ ላይ ልትነግራቸው ቆርጣ ነበር። አፏን ልትከፍት ስትል ግን አንዷ ስለ ጉልበቱ ታነሳለች፣ አቶ ተክለ ጻድቅም እንዴት አድርገው እንደሳቡት ይተርካሉ። እንዲህ እንዲህ ሲል መውረጃቸው ደረሰ፤ ሳትነግራቸው ቀረች።

በረዶው ላይ ቀይ ምንጣፍ ተነጥፏል። የኔነሽ ዋንጫውን አቅፋ ከልጇ ጎን ቆመች። ሕዝቅኤል ማይክራፎኑን ይዞ አልተናገረም፤ «ነገርሻቸው?» እንደማለት ዓይን ዓይኗን ብቻ ያያል። ሕዝቡ ይጠብቃል። እህቷ ከነአልጋዋ ድቅን አለችባት። ከዚያ ቀና ብላ ልጇን አየችው። በዚያ ሁሉ ትጥቅ ውስጥ በር የሚያህል ሰው ሆኖ ቆሟል፤ ጉንጩ ሞልቷል፣ ይተነፍሳል። ለዚህ ልጅ ማን ነው ነጠላ የሚያዘቀዝቅለት? በበሽታው ላይ ቁጣዋ ገነፈለ። ልጇ የጣለውን ጠላት እሷ ስሙን መጥራት እንኳ እንዴት ያቅታታል? ማይክራፎኑን ከእጁ ወሰደች።

«ልጄ ጉልበቱን አልታመመም» አለች በአማርኛ። «ዋሽቻችሁ ነው። ካንሰር ነበር። ያፈርኩት እኔ ነኝ እንጂ እሱ አላፈረም። ካንሰርን ታግሎ ጥሎት፣ ይኸው ቆሟል።»

ሕዝቅኤል ድምፁ እየተቆራረጠ ወደ እንግሊዝኛ መለሰው። ስታዲየሙ በሙሉ ከመቀመጫው ተነሳ። ተጫዋቾቹ ዱላቸውን በረዶው ላይ ይደበድቡ ጀመር። በዚያ ሁሉ ሁካታ መሀል ከላይ እልልታ ሲቀልጥ ሰማች፤ የወይዘሮ ገንዘብን ድምፅ ለየችው። ሕዝቅኤል ዋንጫውን ከመቀበሉ በፊት ስለት በተገጠመለት የበረዶ ጫማው ላይ እንደቆመ ጎንበስ ብሎ ጉልበቷን ሳመ። የኔነሽ በሕይወቷ እንደዚያን ቀን ኮርታ አታውቅም። ቡድኑም አሸነፈ፤ የማሸነፊያዋን ጎል አመቻችቶ ያቀበለው ሕዝቅኤል ነው። እሷ ግን ጎሏን አላየችም፤ ዓይኗ በእንባ ተሞልቶ ነበር።

ከጨዋታው በኋላ በር ላይ ሴቶቹ እየተቀባበሉ አቀፏት። አቶ ተክለ ጻድቅ ኩርፍ ብለው፣ ጉልበቱም ቢሆን ትንሽ ነገር አላጣም ነበር አሉ። ወይዘሮ ገንዘብ ክንዷን ይዘው ወደ ጥግ ወሰዷት። የኔነሽ የሚወርድባትን ልትቀበል አንገቷን ደፋች።

«ይቅር ይበሉኝ፣ እትዬ።»

«ጉልበቱን የታመመ ሰው ቅንድቡ አይረግፍም፤ ገና ልጠይቀው የመጣሁ ዕለት ነው የገባኝ።»

«ታዲያ ወጌሻውን ለምን አመጡት?»

«አንቺ ጉልበት ካልሽ ለጉልበት የሚመጣው ወጌሻ ነው። ገመናሽን እኔ ልግለጠው?»

ከዚያ እጇን ይዘው በነጠላቸው ሥር ግራ ጡታቸው ላይ አሳረፉት። የኔነሽ ጣቶቿ ሥር ጠጠር ያለ ነገር ተሰማት። ከፋሲካ ወዲህ እንደሆነና ልጆቻቸውም እንደማያውቁ ሲነግሯት፣ ያ የሚፈራው ድምፃቸው ሹክሹክታ ሆኖ ነበር።

የኔነሽ እጇን አላነሳችም። ሰኞ ጠዋት ራሷ ነድታ ልጇ ወደታከመበት ሆስፒታል እንደምትወስዳቸው፣ ሰው እንዳይሰማ ከፈለጉም ሁለቱ ብቻ እንደሚሄዱ ነገረቻቸው። ወይዘሮ ገንዘብ ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉና፣ ወደ ባቡሩ መራመድ የጀመሩትን ሴቶች፣ ማኅበር በሚመሩበት ድምፃቸው ጠሯቸው።

«ቆዩኝማ» አሉ። «እኔም የምነግራችሁ አለኝ።»

ሴቶቹ ሁሉ ተመልሰው ከበቧቸው።