ሠላሳ ሰባት ዲግሪ

"ዛሬም ወደ በሩ ሄዳለች" አለ የላቦራቶሪው ረዳት ሀይደር፣ የማሞቂያውን ሣጥን ከፍቶ ጎንበስ እንዳለ።

ዶክተር ፋና ጓንቷን እያጠለቀች መጣች። ትናንት ከመውጣቷ በፊት የብርጭቆ ሳህኑን በገዛ እጇ አዙራው ነበር። በሳህኑ ውስጥ ያለችው የአውራ ጣት ጥፍር የምታክል ቆዳ ግን ዛሬም በበሩ በኩል ያለውን ጠርዝ ተጠግታለች።

"ሕዋስ ሲያድግ ይሰበሰባል። ምንም የሚገርም ነገር የለውም።"

"እሱስ ልክ ነሽ ዶክተር። ግን ለምን ሁልጊዜ ወደ በሩ?" አላት ሀይደር።

ፋና ለዘጠኝ ዓመት ከእንሰት ቃጫ ስስ መረብ እየሠራች፣ በላዩ የሰው ቆዳ ለማብቀል ለፍታለች። ሐሳቧ ለተቃጠለ ሰው የገዛ ቆዳውን መልሶ መስጠት ነው። የሌሎች ሕሙማን ሕዋስ በሦስተኛው ቀን እየተላጠ ወደቀ፤ የያዘላት የረድኤት ብቻ ነው። ረድኤት የሚዛን ከተማ ልጅ ናት። የፈላ ዘይት ተደፍቶባት ሆስፒታል ስትገባ፣ ከጭኗ ቁራሽ ቆዳ የተወሰደው ለራሷ እንዲበቅልላት ነበር። ቆዳው ሳይደርስ እሷ ሞተች። በመቃብሯ ላይ ሣር በቅሏል፤ ቆዳዋ ግን እዚህ በሠላሳ ሰባት ዲግሪ ሙቀት ያድጋል። ባለፈው ወር መብራት ጠፍቶ የእሷው ቆዳ ያለባቸው ሌሎቹ ሳህኖች ስለተበላሹ፣ የቀረችው ይቺ አንዷ ናት። ምርምሩን የሚቆጣጠረው ኮሚቴ ደግሞ እስከ ዓርብ የቤተሰብ ፈቃድ ካልመጣ ሥራው ይቆማል ብሏል።

ፋና አንድ ጥፋት አለባት። ደንቡ በሳህኑ ላይ ቁጥር ይጻፍ ይላል፤ እሷ ግን ልጅቷ በሕይወት ሳለች "ረድኤት" ብላ ጻፈችበት። ሀይደር ደግሞ ሰላምታ የእግዜር ነው ባይ ነው፤ ስም ያለውን ነገር ዝም ብሎ ማለፍ አይሆንለትም። ጠዋት ጠዋት "ረድኤት፣ እንዴት አደርሽ?" ይላል። ወሬው ከግቢ ወጥቶ ልቅሶ ቤት ድረስ ሄደ።

በዚያው ቀን በአራት ሰዓት የረድኤት እናት ወይዘሮ ተሾመች መጣች። ውጭው ጉም ስለሆነ ጥቁር ነጠላዋ እርሷል። የታጠፈ ጋቢ ታቅፋለች።

"ልጄ ብርድ አትችልም ነበር" አለች ጋቢውን እየዘረጋች።

"እማማ፣ እዚህ ሙቀት አለ። አይስጉ።"

"ጠዋት ጠዋት ሰላም ትሏታላችሁ አሉኝ።"

ሀይደር አንገቱን ደፋ።

"እሷስ ምን ትላለች?"

ለፋና ፈቃዱን ለማግኘት ትንሽ ውሸት ይበቃት ነበር።

"ምንም አትልም እማማ። አትሰማም። ቆዳ ብቻ ነው።"

ወይዘሮ ተሾመች በማሞቂያው መስታወት በኩል ሳህኑን አየች። "ለሌላ ሰው ልጅ ይሆናል?"

"በዚህች ሥራው ከተሳካልኝ፣ አዎ።"

"እንግዲያ ወረቀቱን አምጪ።"

አውራ ጣቷን በቀለም ነክራ ፈረመች። ፋና ወረቀቱን እንደያዘች እፎይ አለች፤ በእፎይታዋም አፈረች። ሴትየዋ ግን ቀለሙን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች አልተነሳችም።

"አሁን ልንካት።"

"እማማ፣ በባዶ እጅ ከተነካች ትሻግታለች። በሁለት ቀን ታልቃለች። ሌላ ደግሞ የለኝም። ጓንት ልስጥዎት።"

"በጓንትማ ሐኪሞቹም ነክተዋታል።" ድምጿ አልተለወጠም። "ሲገንዟት 'ቁስሏን አይተሽ ትደነግጫለሽ' ብለው አስወጡኝ። እኔ ሳልነካት ነው የሄደችው። ካልሆነ ይቅር ልጄ፤ ፊርማዬን አልመልስም።"

ፋና ወረቀቱን አየች። ከዚያ ሳህኑን አየች። ሴትየዋ በበሩ ገብታ የተቀመጠችው በመስኮቱ በኩል ነው። የረድኤት ቆዳም አሁን በመስኮቱ በኩል ያለውን ጠርዝ ተጠግታለች። ጠዋት በበሩ በኩል ነበረች፤ ከዚያ ወዲህ ሳህኑን ማንም አልነካውም።

"ሀይደር፣ አዙረኸዋል?"

"ወላሂ አልነካሁትም" አለ፣ ወደ ኋላ እየሸሸ።

ፋና ጓንቷን አውልቃ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ሳህኑን ከማሞቂያው አውጥታ በሁለት እጇ ይዛ ሴትየዋ ፊት ተንበረከከች።

"ቀስ ብለው እማማ" አለች፤ ክዳኑንም አነሳችው።