የሉልዋ ባሕርና የሊላማ ባልዲ

ባሕርን ለእኔ የሚያስተምረኝ ሰው ገና አልተወለደም እያልኩ ስድሳ ዓመት ኖሬያለሁ። አያቴ የዕንቁ ጠላቂዎች መርከብ አለቃ ነበር፤ ኩዌት ውስጥ ይህን ከእኔ አፍ ያልሰማ ሰው ካለ ደንቆሮ መሆን አለበት። እኔ ራሴ ግን ዕድሜዬን የፈጀሁት ቢሮ ቁጭ ብዬ ማህተም ስመታ ነው። ይቺን ደግሞ ለማንም አላነሳትም።

ባሕር የምታውቀው ታላቅ እህቴ ሉልዋ ናት። ባዮሎጂ አስተማሪ ነበረች። ጡረታ በወጣችበት ዓመት ባሏ ሞተ፤ ዓመት ሳይሞላው ሳሎኗ ውስጥ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ የሚደርስ መስታወት አስገጥማ ባሕር አቆመች። መጀመሪያ ጨዋማ ውሃና ድንጋይ ብቻ ነበር። ሁለት ወር ሙሉ ድንጋይ ቁጭ ብላ ታያለች!

«እታለም፣ ድንጋይ ቀለብሽ?» እላታለሁ።

«ዝም በል አንተ፤ መጀመሪያ ድንጋዩ ነፍስ ይዝራ» ትለኛለች።

ነፍስ ሲዘራ ቀንድ አውጣ ገባ፤ ቀጥሎ ነጭ ቀበቶ የታጠቁ ሁለት ብርቱካንማ ዓሦች፤ በመጨረሻ ኮራሎቹ። ኮራል ሲያዩት ድንጋይ ይመስላል እንጂ ነፍስ ያለው ነገር ነው፤ ይበላል፣ ይከፈታል፣ ይከፋዋል። የእድገቱ ነገር ደግሞ ትዕግሥት ያስጨርሳል። አንዷ አረንጓዴ ስትመጣ የጥፍር ያህል ነበረች፤ በስድስት ዓመቷ ትሪ አከለች። ሉልዋ እሷን ስታይ ፊቷ የልጃገረድ ይሆናል።

ሊላማ የእህቴ የቤት ሠራተኛ ነበረች። የሕንድ አገር፣ የኬረላ ሰው ናት፤ ሃምሳ ያለፋት፣ አሥራ አንድ ዓመት እዚያ ቤት የኖረች። ከሰዓት በኋላ ሁለቱ ሴቶች ሻይ ይዘው መስታወቱ ፊት ይቀመጡና ዛሬ ማን ተከፈተ፣ ማን አኮረፈ እያሉ ያወራሉ። እኔ ስገባ ሊላማ ብድግ ትላለች። እኔም እንድትነሳ እፈልግ ነበር፤ ልደብቀው አልችልም።

እህቴ ጉልበቷን ልትታከም ለአንድ ወር ጀርመን መሄድ ነበረባት። ባሕሩን ለሊላማ ልትተወው አስባ ኖሯል። እኔ ነኝ አፌን የከፈትኩት።

«የቤት ሠራተኛ ስለ ባሕር ምን ታውቃለች? እኔ ወንድምሽ እያለሁ?»

ሉልዋ ትንሽ አየችኝና መስታወቱ ጎን ላይ ያለችውን ቀይ መስመር አሳየችኝ።

«ውሃው በየቀኑ እየተነነ ይቀንሳል። ጠዋት ጠዋት እስከዚህ መስመር የተጣራ ውሃ ትሞላለህ። የተጣራ ብቻ! የሚተነው ውሃው ነው፤ ጨዉ እዚያው ይቀራል። ገባህ?»

«ገባኝ።»

«ምኑ ገባህ?»

«ገባኝ አልኩሽ እኮ!»

አልገባኝም ነበር።

የመጀመሪያውን ሳምንት እንዳለችኝ አደረግሁ። ችግሩ የመጣው ከዲዋንያ ነው። ማታ ማታ የሰፈራችን ወንዶች አቡ ጋዚ ቤት ተሰብስበን ሻይ እየጠጣን እንቦጭቃለን፤ እኔም የእህቴን ባሕር እንዴት እንደማስተዳድር ደረቴን ነፍቼ አወራሁ። አቡ ጋዚ ምላሱ ሰው አይምርም።

«ስሙማ! የጠላቂው የልጅ ልጅ ባሕር ላይ የቧንቧ ውሃ ያፈስሳል አሉ! አያትህ ከመቃብር ቢነሳ በጥፊ ነበር የሚልህ!»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። እኔም ሳቅሁ። በማግስቱ ጠዋት አራት ጀሪካን መኪናዬ ላይ ጭኜ ሳልሚያ ዳርቻ ወረድኩና እውነተኛውን የባሕር ውሃ ቀድቼ መጣሁ። ሊላማ በር ላይ ተቀበለችኝ።

«ባባ ጃራሕ፣ ይሄ ውሃ ከየት ነው?»

«ከባሕር ነዋ! ባሕር የሚሞላው በባሕር ነው።»

«ማማ እኮ የተጣራ ብለዋል።»

«አያትሽ ዕንቁ ጠልቆ ያውቃል?»

«አባቴ ዓሣ አጥማጅ ነበር» አለች ቀስ ብላ። «እኔ ግን የማውቀው ወጥ ቤቱን ነው። ወጥ ውሃው ሲመጥበት ጨው ይጨመርበታል እንዴ ባባ? ውሃ ነው እንጂ።»

እንዲህ አድርጎ ያስረዳኝ ሰው አልነበረም፤ እህቴም እንኳን። ገብቶኛል። እዚያው ቆሜ፣ ጀሪካኑን እንደያዝኩ ገብቶኛል። ታዲያ ከወጥ ቤት ሴት ተምሬ ልመለስ?

«አንቺ ወጥሽን ጠብቂ!» ብያት ገለበጥኩት። በማግስቱም፣ ከዚያም በኋላ በየቀኑ እንደዚያው።

በሳምንቱ ኮራሎቹ መከፈት ተዉ። የአየሩ ጸባይ ነው አልኩ። በአሥረኛው ቀን አንዱ ብርቱካንማ ዓሣ ተንሳፍፎ ተገኘ፤ አርጅቶ ነው አልኩ። በሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ የአረንጓዴዋ ሥጋ እንደ ራሰ ወረቀት ተልጦ ነጭ አጥንቷ ወጣ። ከዚያ በኋላ የምለው ጠፋኝ። የዚያኑ ቀን ሉልዋ ከሐኪም ቤት አልጋዋ ላይ ሆና ደወለች፤ ፊቷ ስልኩ ላይ ገርጥቶ ይታያል።

«አሳየኝ እስኪ፣ ናፍቀውኛል።»

አሳየኋት። ምን ልሁን?

«ጃራሕ! ምን ነካቸው? ምን ገባበት?»

እንግዲህ ዓይኔን በጨው ታጥቤ የዋሸሁት ያኔ ነው።

«በረኪና ይመስለኛል» አልኩ። «ሊላማ መስታወቱን በበረኪና ስትወለውል አይቻታለሁ።»

ሊላማ ከኋላዬ ትሪ ይዛ ቆማ ነበር። መኖሯን አውቃለሁ። እያወቅሁ ነው ያልኩት።

«ስልኩን ስጣት» አለች ሉልዋ። ሰጠኋት። «ሊላማ፣ እውነት ነው?»

«በረኪና አላስጠጋሁም ማማ።»

«ታዲያ ምንድነው የሆነው?»

ሊላማ መልስ ከመስጠቷ በፊት ዞር ብላ አየችኝ። አስተያየቷ የከሳሽ አልነበረም። እርስዎ ራስዎ ይበሉት፣ እኔ አላዋርድዎትም የምትል ነበር የምትመስለው።

«ባባ ጃራሕ ያውቃሉ» አለች።

«እኔ ያየሁትን ተናግሬያለሁ» አልኩ።

እህቴ ማልቀስ ጀመረች። «አሥራ አንድ ዓመት ሊላማ፤ ሌላው ቢቀር እንኳ እውነቱን ብትነግሪኝ ምን ነበር?» አለችና፣ «አገሯ ትግባ፣ ትኬት ቁረጥላት» ብላኝ ስልኩን ዘጋች። ከአፍ የወጣ አፋፍ ይላሉ። ቃሌን ልመልሰው እችል ነበር፤ እጄ ላይ ያለውን ስልክ መልሶ መደወል ብቻ ነበር የሚጠይቀው።

አውሮፕላን ማረፊያ ያደረስኳት እኔው ነኝ። በጠራራ ፀሐይ፣ እሷ ከኋላ አንድ ሻንጣ ጉልበቷ ላይ አድርጋ። በየመብራቱ ስቆም አሁን ደውዬ ለሉልዋ እነግራታለሁ እላለሁ፤ አረንጓዴ ይበራል፣ እነዳለሁ። በሩ ላይ ስንደርስ አንዲት ቃል ብትሳደብ ኖሮ ይቀለኝ ነበር። እሷ ግን እንዲህ አለች፦

«ባባ፣ ልብስ ማጠቢያው ክፍል፣ ከማሽኑ ኋላ ባልዲ አለ። እርስዎ ጀሪካን ማምጣት በጀመሩ ማግስት ከአረንጓዴዋ ጫፏን ሰብሬ፣ ከድሮው ውሃ ቀድቼ አስቀምጫታለሁ። ትንሿ ፓምፕ አለችበት፣ መብራትም ሰቅዬላታለሁ። ጠዋት ጠዋት የተጣራ ውሃ፣ እስከ ምልክቱ። አደራ። ለማማ ይንገሩልኝ።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ምን ነበረበት! «እሺ» ብቻ አልኳት።

እህቴ ቤት ስገባ ሄጄ አየሁ። የተምር ፍሬ የምታህል ነገር፣ ባልዲ ውስጥ፣ ተከፍታ። ሌላው ሁሉ ሳሎን ውስጥ ሞቶ፣ እሷ አረንጓዴ ሆና። ዘጠኝ ቀን ጠዋት ጠዋት የተጣራ ውሃ አጠጣኋት። በእነዚያው ዘጠኝ ቀናት ዲዋንያ ላይ ሠራተኛዋ የእህቴን ባሕር በበረኪና እንደመረዘች አወራሁ፤ ሁሉም «እነሱ እኮ እንዲህ ናቸው!» እያሉ ራሳቸውን ነቀነቁልኝ።

ሉልዋ በምርኩዝ ተመልሳ መጣች። የሞተውን ባሕር መዳፏን መስታወቱ ላይ አድርጋ ቆማ አየችው። አላስችል አለኝና ባልዲውን አምጥቼ እግሯ ሥር አስቀመጥኩ።

«ጃራሕ! አንተ ነህ ያዳንካት?»

«ታዲያ ማን ሌላ አለ?» አልኩ። አፌን ቁርጥ ያድርገውና፣ እንዲህ አልኩ።

ግንባሬን ሳመችኝ። ከዚያ የጨው መለኪያዋን ከመሳቢያ አወጣች፤ ጠብታ ተደርጎባት በብርሃን የምትታይ ትንሽ ነገር ናት። ከባልዲው ጠብ አድርጋ አየች። ከባሕሩ ጠብ አድርጋ አየች። ጠርጋ እንደገና አየች። ሠላሳ ዓመት ፈተና ያረመች ሴት ናት፤ ድምፅዋ ሲመጣ የክፍል ድምፅ ነበር።

«ባልዲው ሠላሳ አምስት፣ እንደተውኩት። ባሕሩ አርባ ስድስት። በረኪና ጨው አይጨምርም ጃራሕ።»

መለኪያዋን መሳቢያው ውስጥ መለሰች።

«ይህን ባልዲ የያዘ እጅና ያንን ባሕር የያዘ እጅ አንድ እጅ አይደለም። ያንተ የትኛው ነው?»

ስድሳ ዓመቴ ነው፤ እንደ ተማሪ ቆሜ መሬት መሬት እያየሁ ሁሉን ተናገርኩ። ጀሪካኑን፣ አቡ ጋዚን፣ ወጡን። ትጮሃለች ብዬ ነበር። «እኔስ?» አለች፤ «በአንተ አንድ ቃል አሥራ አንድ ዓመት የጣልኩት እኔስ ምን እባላለሁ?» አለችና ቁጥር መትታ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ለጠፈችው።

«ባባ?» አለች ሊላማ። ከኋላዋ ዶሮ ይሰማል። «አለች? በሕይወት አለች?»

መጀመሪያ የጠየቀችው ይህን ነው። ስለ ራሷ አልጠየቀችም።

«አለች» አልኳት። ከዚያ የቀረውን ነገርኳት፤ ይቅርታም ጠየቅኋት፤ ተመለሺ ትልሻለች ሉልዋም አልኳት።

«አልመለስም ባባ። ማማን ተቀይሜ አይደለም፤ ግን አልመለስም። እርስዎ ዲዋንያ ላይ ተናግረዋል አይደል? የሰፈሩ ሠራተኞች ደውለውልኛል፤ በየቤቱ መርዘኛዋ እየተባልኩ ነው አሉ። እዚያው ቤት፣ በዚያው አፍዎ ይንገሯቸው። ሌላ አልፈልግም።»

የዚያኑ ዕለት ማታ ሄድኩ። ጫማዬን አውልቄ ገባሁ፤ ሳልቀመጥ ተናገርኩ። መርዘኛው እኔ ነኝ፣ ሊላማ ምንም አላደረገችም አልኳቸው። አቡ ጋዚ ጭኑን መታ።

«አያቱ ዕንቁ አወጣ፣ እሱ ዓሣ ቀቀለ!»

ሳቁ ቤቱን ሞላው። ስለ እሷ ነው የምነግራችሁ አልኩ፤ «ለአንዲት ሠራተኛ ብለህ ነው ፊትህን እንዲህ ያጠቆርከው? ሌላ ትመጣለች፤ ተቀመጥ በል» አለኝ አንዱ። ሻይ ተቀዳልኝ፤ ወሬው ወደ ኳስ ዞረ። ልቆጣቸው ምን አፍ አለኝ? ከወር በፊት ሌላ ሰው ይህን ቢያወራ፣ «ሌላ ትመጣለች» የምለው እኔ ነበርኩ። ቁጭ ብዬ ሻዬን ጠጣሁ።

በማግስቱ ጠዋት ሊላማ ደወለች። እኔ ባልዲው ላይ ጎንበስ ብዬ እስከ ምልክቱ የተጣራ ውሃ ስሞላ ነበር፤ ሉልዋ በምርኩዟ ተደግፋ እጄን እጄን ታየኛለች።

«ነገሯቸው ባባ?»

«ነገርኳቸው።»

«በስሜ ጠርተው?»

«በስምሽ ጠርቼ።»

«ምን አሉ?»

ውሃው ምልክቱ ጋ ደርሶ ነበር። ማሰሮውን አስቀመጥኩ። ሉልዋ ዓይኗን ከእኔ ላይ አላነሳችም።

«አዘኑ» አልኳት። «በጣም አዘኑ።»

ሊላማ በረጅሙ ተነፈሰች። ድምፅዋ ቀለል አለ።

«ደግ ሰዎች ናቸው ባባ» አለች። «አመሰግናለሁ ብላችኋለች ይበሉልኝ።»